መጫወት የቀረበት ወንድሜ «ስፖርት ማኔጅመንት ልማር» አለኝ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ ዛሬ ተራው የእኔ ሆነና ጻፍኩ። የምኖረው ደሴ ነው፤ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ አለችኝ። አባታችን የሞተው አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ነበር። ትምህርቴን አቋርጬ የስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ፤ ታናሽ ወንድሜንም ያሳደግኩት በእሷው ነው። በ2014ቱ ጦርነት ሱቄ ተዘርፎ ከባዶ ጀምሬአለሁ። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልኝ ብዬ አይደለም፤ የገንዘብ ፍርሃቴ ከየት እንደመጣ እንዲገባዎ ነው።

ወንድሜ የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመቱን ጨርሶ ለክረምት መጥቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ኳስ ነበር፤ «ይህ ልጅ ትልቅ ቦታ ይደርሳል» ያላለ ሰው የለም። ከሁለት ዓመት በፊት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰና መጫወቱ ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ በልቤ «ቢያንስ አሁን ትምህርቱን ይይዛል» ብዬ ነበር። አሁን ሲመለስ የትምህርት ክፍል ይመርጣል። ውጤቱ ለአካውንቲንግ ይበቃዋል፤ እሱ ግን «ስፖርት ማኔጅመንት ነው የምማረው» አለኝ። ተናደድኩና «ዕድሜዬን መኪና ላይ የጨረስኩት አንተ ኳስ እንድታሳድድ አይደለም» አልኩት። ይኸው ሳምንት ሆነው፣ ከሰላምታ በቀር አያናግረኝም። እናታችን «የልጁን ልብ አትስበሪ» ትለኛለች።

ለመሆኑ እዚያ ገብተው የሚማሩት ምንድን ነው? ኳስ ማስተዳደር ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት አለው? የሰፈራችን ቡድን ሰዎች እንኳን ከፋሲካ ጀምሮ የሰፋሁላቸውን ማሊያ አልከፈሉኝም። ስፖርት የሚያበላ ቢሆን መጀመሪያ የእኔን ዕዳ በከፈሉ ነበር። ምን ይመክሩኛል?

የጨነቃት እህት፣ ከደሴ

መልስ

እህቴ፣ አብሽሪ። ደብዳቤሽን ሳነብ ማሊያው ላይ ስደርስ ሳቅ አምልጦኛል፤ ባልተከፈለሽ ገንዘብ መሳቄ እንዳይመስልሽ። ሳታስቢው የጥያቄሽን መልስ ግማሽ ያህል ራስሽ ጽፈሽው ስላገኘሁ ነው። ማሊያ አሰፍቶ መክፈል ያቃተው ያ ቡድን ጥሩ አጥቂ ሊኖረው ይችላል። የሌለው፣ ማሊያው ከመታዘዙ በፊት «ገንዘቡ ከየት ይመጣል? መቼ ይከፈላል? ማን ፈርሞ ይረከባል?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው ነው። ስፖርት ማኔጅመንት ያንን ሰው ለማፍራት የተዘጋጀ ትምህርት ነው።

ይህን ከአንቺ ይበልጥ ወንድምሽ ሊያውቀው ይገባል። ብዙ ወጣቶች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያቀላቅላሉ። ስፖርት ሳይንስ የሚማር ሰው በአብዛኛው ስለ ሰውነት ነው የሚማረው፤ ጡንቻና አጥንት፣ ልብና ሳንባ፣ የሥልጠና ዘዴ። አሠልጣኝ መሆን የሚፈልግ ደግሞ በአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ሥርዓት ፌዴሬሽኑ የሚሰጣቸውን ኮርሶች ወስዶ ደረጃ በደረጃ የአሠልጣኝነት ፈቃድ ያወጣል፤ ዲግሪ ብቻውን ያንን ፈቃድ አይተካም። ስፖርት ማኔጅመንት ከነጩ መስመር ውጭ ያለውን ሁሉ ይይዛል፤ በጀቱን፣ ውሉን፣ ሜዳውን፣ ትኬቱን፣ ደጋፊውን፣ ስፖንሰሩን። ኳስ ስለሚወድ ብቻ የገባ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር የሒሳብ መዝገብና ስታቲስቲክስ ሲገጥመው ክው ይላል። አንቺ አካውንቲንግ ይማርልኝ ብለሽ የፈራሽለት ልጅ፣ ከሒሳብ እንደማያመልጥ ብትነግሪው ደስ ይልሽ ይሆን?

ትምህርቱ የተጀመረበት ምክንያትም ይኸው ነው። የአሜሪካው የቤዝቦል ቡድን የብሩክሊን ዶጀርስ ባለቤት ዋልተር ኦማሊ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 ጄምስ ሜሰን ለተባሉ ፕሮፌሰር ደብዳቤ ጻፉ። ስታዲየምና የውድድር ሥፍራ ማስተዳደርን ተምሮ የመጣ ሰው ከየት ይገኛል የሚል ነበር ጥያቄያቸው። እ.ኤ.አ. በ1966 የሜሰን ሐሳብ በኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮግራም ሆኖ ተከፈተ፤ በማስተርስ ደረጃ። ይህችን «በማስተርስ ደረጃ» የምትለዋን ያዥልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ከሚማሩት ውስጥ እኔን በጣም የሚገርመኝ የሕጉ ክፍል ነው፤ ለእንደ ደሴና ኮምቦልቻ ዓይነት ከተማ ከሁሉም የበለጠ የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል። ፊፋ አንድ ደንብ አለው። አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከአገር ወደ አገር ሲሸጥ፣ ከዝውውር ክፍያው ላይ 5 በመቶ ተቀንሶ ልጁን ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። ከ12 እስከ 15 ላለው ዕድሜ በየዓመቱ የክፍያው 0.25 በመቶ፣ ከ16 እስከ 23 ላለው ደግሞ በየዓመቱ 0.5 በመቶ ነው የሚታሰበው። እስቲ ይህን እናስላው። እዚያው ደሴ ሆጤ ሜዳ ላይ ከ16 እስከ 18 ዓመቱ የተጫወተ አንድ ልጅ ከዓመታት በኋላ ከአንድ የውጭ ክለብ ወደ ሌላ አገር ክለብ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ቢዛወር፣ ያሳደገው ክለብ ለሦስቱ ዓመታት 15 ሺህ ዶላር ይገባዋል። ታዲያ ገንዘቡ የሚገኘው ልጁ በእነዚያ ዓመታት በክለቡ ስም በፌዴሬሽን ተመዝግቦ ከነበረ ነው። ወረቀት ከሌለ «እኛ እኮ ነን ያሳደግነው» ማለት ሻይ ቤት ውስጥ ለማውራት ብቻ ይሆናል። በየሰፈሩ ልጆችን በነፃ ሲያሠለጥኑ የሚውሉ ሰዎች አሉን፤ አጠገባቸው መዝገብ የሚይዝ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

ሌላው ትልቅ ክፍል የሜዳና የውድድር ዝግጅት አስተዳደር ነው። ወንድምሽ ይህን ጨዋታ አይረሳውም፤ ሰኔ 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን። የእኛ የሜዳ ጨዋታ ነበር፤ የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። በአገራችን የካፍን መስፈርት ያሟላ ስታዲየም ስላልነበረ ያንን ድል ደጋፊው በቴሌቪዥን አየው። ያንን ክፍተት የሚዘጋው መስፈርቱን አንብቦ፣ የመልበሻ ክፍሉን፣ የመብራቱን፣ የወንበሩንና የሕክምና ክፍሉን ዕቅድ አውጥቶ፣ በጀት አስፈቅዶ ሥራውን እስከ መጨረሻ የሚከታተል ባለሙያ ነው። በዚያው ዓመት ጥር ወር ደግሞ ካሜሩን ውስጥ፣ ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም በር ላይ በተፈጠረ መጨናነቅ 8 ሰዎች ሞተዋል። መከፈት የነበረበት በር ተዘግቶ ነበር። ስንት በር ይከፈታል፣ ማን ይከፍተዋል፣ ሕዝቡ በየት ገብቶ በየት ይወጣል የሚለው በክፍል ውስጥ የሚማሩት ነገር መሆኑን ስታውቂ «ኳስ ማሳደድ» የሚለው ቃል ትንሽ አይከብድሽም?

ከዚህ ሌላ የስፖርት ግብይት ይማራሉ። ብዙ ክለቦቻችን ድጋፍ የሚጠይቁት በልመና ደብዳቤ ነው፤ «ወጣቱን ከሱስ ለማዳን» ብለው ጀምረው ማኅተም መትተው ይልካሉ። ኮምቦልቻ ባለ ብዙ ፋብሪካ ከተማ ናት። ፋብሪካው ስሙ ማሊያ ላይ ቢጻፍ ስንት ሰው ያየዋል፣ ሠራተኞቹ ምን ያገኛሉ፣ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርቱን ማን ያቀርብለታል የሚለውን ጽፎ የሚሄድ ሰው ከለማኝ ተለይቶ እንደ ሻጭ ይታያል። የሰው ኃይል አስተዳደር፣ የስፖርት ሥነ ልቦና፣ ሥነ ምግባር፣ የጥናት ዘዴም አለ፤ እነዚህን አልዘረዝርልሽም። መጨረሻ ላይ በክለብ፣ በፌዴሬሽን ወይም በስፖርት ጽሕፈት ቤት የተግባር ልምምድ ይኖራል፤ ቢያንስ ሊኖር ይገባል።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ ልምጣ። ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም። አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ድርጅቶች በሚመደብ በጀት ነው፤ በጀቱ ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፤ የተጫዋቾች አቤቱታ በስፖርት ዜናዎቻችን አዲስ ነገር አይደለም። ባለሙያ መቅጠርን እንደ ቅንጦት የሚያይ የክለብ አመራርም አለ። ሆኖም ሥራው በክለብ ብቻ አይወሰንም። የወጣቶችና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች፣ ፌዴሬሽኖች፣ የወጣት ማዕከላት፣ ጂምናዚየሞች፣ የስፖርት ማዕከል ያላቸው ሆቴሎች፣ ውድድር አዘጋጆች አሉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. በ10 ሺህ ሯጮች ሲጀመር ስንቱ ሰው የሰው መዓት በመንገድ ላይ ማስሮጥ ሥራ ነው ብሎ አስቦ ነበር? ዛሬ ዓመቱን ሙሉ የሚሠሩበት ሰዎች አሉት። እውነቱን ለመናገር ግን በአካውንቲንግ ዲግሪ የሚገኘው የሥራ በር ቁጥሩ ይበልጣል፤ ይህንን ልደብቅሽ አልችልም።

ከሥራ ገበያው ይልቅ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር አለ። ያ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ትልቅ ነገር አጥቷል። ሰው ሁሉ «ይደርሳል» ሲለው አድጎ አንድ ቀን በአንድ ጉልበት ምክንያት ቀረ። ስለዚህ ነገር ከአንቺ ጋር ቁጭ ብሎ አውርቶ ያውቃል? አልቅሷል? ጓደኞቹ ሲጫወቱ ሄዶ ያያል ወይስ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቷል? ይህን የምጠይቅሽ ምርጫው ከሁለት ቦታ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ከኳስ መለየት ስላልቻለ በጓሮ በር ሊመለስ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ወይም ከሜዳ ሲወጣ ሌሎች የማያዩትን ጉድለት አይቶ ይሆናል። ሁለቱም አብረው ቢኖሩ አይገርመኝም፤ አንዱ ሌላውን ሐሰት አያደርገውም። ነገር ግን የስፖርት አስተዳዳሪ በጨዋታ ቀን ጨዋታውን ተቀምጦ አያይም። በሩ ላይ ነው፣ አምቡላንሱ ጋ ነው፣ ደረሰኙ ላይ ነው። የሚወደውን ነገር በየሳምንቱ አጠገቡ ቆሞ ሳያየው መዋልን ይችለዋል? ይህን የሚመልሰው እሱ ብቻ ነው።

አንቺስ? «ቢያንስ አሁን ትምህርቱን ይይዛል ብዬ ነበር» ብለሽ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፍሽው ነገር ሲከብድሽ የኖረ ይመስለኛል። በወንድምሽ ጉዳት ውስጥ ትንሽ እፎይታ አግኝተሻል፤ ያሳደገ ሰው ሁሉ እንዲህ ያስባል፣ ክፋት የለበትም። ምናልባት እሱ ግን ነገሩን በፊትሽ ላይ አንብቦት ይሆናል። «ዕድሜዬን መኪና ላይ የጨረስኩት» ያልሽው ደግሞ ስለ እሱ ብቻ የተነገረ አልመሰለኝም። አሥረኛ ክፍል ላይ የቀረችው ልጅ ዛሬም ትጠይቅሽ ይሆን? የማታ ትምህርት አስበሽ ታውቂያለሽ? አሁን መልሺልኝ አልልም። የእሱን የትምህርት ክፍል ስትመርጪ ለራስሽ ያልመረጥሽውን አብረሽ እንዳትመርጪ ብቻ ለይተሽ እዪው።

ዝምታውን የምትሰብሪው አንቺ ብትሆኚ ይሻላል፤ ታላቅ ነሽና። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ማታ እራት ላይ፣ እናታችሁ ባለችበት «የተናገርኩህ ከብዶኛል፤ ትምህርቱን ስላላወቅሁት ነው የፈራሁት፤ እስቲ አንተ አስረዳኝ» ብትዪው ይበቃል። ከዚያ ዝም ብለሽ ስሚው። «ስለምወደው» ብቻ ካለሽ ገና አላሰበበትም ማለት ነው። «የሰፈራችን ቡድን እንዲህ ቢሠራ ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር» ማለት ከጀመረ ግን ጆሮሽን ስጪው።

ቀጥሎ ክረምቱን ተጠቀሙበት። እንደምታውቂው በክረምት በየሰፈሩ የኳስ ውድድር አይጠፋም። ወንድምሽ አዘጋጆቹ ጋ ሄዶ አንዱን ኃላፊነት በነፃ ይውሰድ፤ ተጫዋቾችን መመዝገብ፣ መዋጮ በደረሰኝ መሰብሰብ፣ የዳኛ ክፍያ መመደብ፣ የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ማዘጋጀት፣ የደሴ ዝናብና ጭጋግ ጨዋታ ሲያስተጓጉል ፕሮግራሙን እንደገና ማውጣት። ሦስት ሳምንት ሠርቶ ሲመለስ ፊቱን እዪው። ጭቃውን፣ ጭቅጭቁንና የሳንቲም ቆጠራውን እየተማረረም ቢሆን በጉጉት የሚያወራልሽ ከሆነ የሥራው ሰው ነው። ከሁለተኛው ጨዋታ በኋላ ቀርቶ ዳር ቆሞ ማየት ከጀመረ ግን የናፈቀው መጫወት ነበር፤ ያኔ ከዲግሪ በፊት ሐዘኑን የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል።

የማሊያውንም ዕዳ ለእሱ ስጪው፤ የምሬን ነው። የቡድኑን ሰዎች ሰብስቦ ገቢና ወጪያቸውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፣ ዕዳሽ በስንት ጊዜ ተከፍሎ እንደሚያልቅ ዕቅድ ያውጣ፣ ያስፈርም። አንቺም እንደ እህት ሳይሆን እንደ አበዳሪ ተቀመጪ። ከተሳካለት ገንዘብሽን ታገኛለሽ፤ ባይሳካለትም የመረጠውን ሙያ ዋና ችግር ገና ሳይመዘገብ ያየዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ስለ ዩኒቨርሲቲው መጠየቅ እንዳይረሳ። ስፖርት ማኔጅመንት በአንዱ ቦታ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ይሆናል፣ በሌላው ከስፖርት ሳይንስ ጋር ተዳብሎ ይሰጣል። ስለዚህ የኮርሶቹን ዝርዝር ይጠይቅ። ሒሳብና ፋይናንስ፣ ሕግ፣ ግብይት፣ የውድድርና የሜዳ አስተዳደር በእርግጥ አሉበት? የተግባር ልምምዱ የት ነው፣ ስንት ጊዜ ይወስዳል? የመውጫ ፈተናው በየትኛው ትምህርት ስም ነው የሚሰጠው? ከዚህ በፊት የተመረቁት አሁን የት ይሠራሉ? ከመምህራኑ ይልቅ አራተኛ ዓመት የደረሱ ተማሪዎች እውነቱን ይነግሩታል፤ ሁለት ሦስቱን ስልክ ደውሎ ያናግር።

የኮርሱ ዝርዝር ደህና ከሆነና ክረምቱን በሥራው ከጸና፣ እኔ ብሆን እፈቅድለት ነበር። ዝርዝሩ ላይ ስፖርት ሳይንስ ብቻ ስሙን ቀይሮ ካገኘ ግን አሁን አካውንቲንግ ወይም ማኔጅመንት ይማር፤ በትርፍ ጊዜው የዩኒቨርሲቲውን ውድድሮች በማዘጋጀት ይሳተፍ፣ ስፖርት ማኔጅመንትን በማስተርስ ይቀጥል። ያዥልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነበር፤ ትምህርቱ ሲፈጠርም በዚያ ደረጃ ነበር የተፈጠረው። ደብተር መያዝ የሚችል ሰው ክለብ ውስጥ ሲገባ ከሁሉም ቀድሞ የሚፈለግ ይሆናል። ይህን መንገድ ስታቀርቢለት ግን ለማስታረቂያ የተሰጠ ከረሜላ እንዳይመስለው፣ ዝርዝሩን ራሱ ካየ በኋላ ይሁን።

ወጪውንም አብራችሁ ጻፉት። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራቱን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ስለሆነ፣ የአንቺ ሸክም የኪሱና የመንገዱ ገንዘብ ነው፤ እሱ ደግሞ በየትኛውም የትምህርት ክፍል ብዙም አይለያይም። አንዴ ምርጫው ከተሞላ በኋላ መቀየር ይቻል እንደሆነና ቀነ ገደቡ መቼ እንደሆነ ግን ቅጹን ከመሙላቱ በፊት ሬጅስትራሩን ይጠይቅ።